ያልዘገየ ፖስታ

ማክሰኞ፣ 3

ትናንት የአንባቢ ደብዳቤ ቅርጫቴን ተረከብኩ። ሃምሳ ሁለት ደብዳቤ! የመጽሔታችን የፖስታ ክፍል ሴትዮ (እኛ «ማህተሟ» ነው የምንላት፤ ካልመታችበት ሰላምታም አትቀበልም) ቅርጫቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አድርጋ «ፈርሚ» አለችኝ። ደንቡ ለእያንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለየብቻ መፈረም ነው። እኔ ግን ለቅርጫቱ በሙሉ አንዴ ሞነጫጭሬ መገላገልን አስለምጃታለሁ። «አንድ ቀን ጉድ ትሠሪኛለሽ» ትላለች ሁልጊዜ።

ጥሩ ጥሩዎቹን ለየሁ። ባሏ ከእናቱ ጋር በስልክ ለማውራት መታጠቢያ ቤት የሚደበቅባት ሴት አለች። ይቺ ለቀልድ ዓምዴ ትሆናለች። ቡናማዎቹን ፖስታዎች እንደተለመደው ከታች አደረግኳቸው። አንዱ ላይ የሸማቾች ቅሬታ ሰሚ ጉባኤ ማህተም አለበት። የእታለም ውሳኔ መሆን አለበት።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። በትልቁ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ የተኳሾች አለቃ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስትተኩስ አንድ ልብስ አላቃጠለችም። ለቤቷ የገዛችው አዲስ የእንፋሎት ካውያ ግን ፈንድቶ ቀኝ እጇን ጠበሳት። ሻጩ «አያያዝ አላወቀችም» ይላል። እሷን! እኔን መጻፍ አታውቅም ቢል ይሻለው ነበር። ለጉባኤው ስታመለክት፣ የእሷ ሰፈር ፖስተኛ የሚጠፋበት ስለሆነ፣ የመጥሪያ አድራሻ የኔን መሥሪያ ቤት አስጻፍኩ። «እኔ እያለሁ!» ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሻዬን ፖስታው ላይ አስቀመጥኩ። ነገ እከፍተዋለሁ።

ቅዳሜ፣ 7

ዝናብ። ቤት ዋልኩ። ዓምዱ አልሄድ አለኝ።

ሦስት ገጽ ብቻ ነው። የሰው ሃያ ሁለት ዓመት በሦስት ገጽ።

ስለ ሌላ ነገር ልጻፍ። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ባል።

እሑድ፣ 8

እታለም ቤት ምሳ በላሁ። እጇ ገና በፋሻ ነው፤ ዳቦውን የቆረስኩት እኔ ነኝ።

«አንቺ፣ ከጉባኤው ምንም አልመጣም?»

«አልመጣም» አልኩ። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው ያልኩት።

«ይዘገያሉ ማለት ነዋ።»

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት እኮ ነው፤ ለማዛጋትም ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ።»

ሳቀች። በሰላሙ ጊዜ እሷን ማሳቅ ለኔ ከዓምዱም ይበልጣል። ዛሬ ግን ሳቋ አንጀቴ ውስጥ ቀረ።

ምን ልበላት? ፋሻው ሐሙስ ይፈታል። እጁ በፋሻ ለታሰረ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሐሙስ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ 12

ፋሻው ተፈታ። ሐኪሙ «እስቲ ጨብጪ» አላት። ሦስቱ ጣቶች መጡ፤ ሁለቱ እንደ ቆሙ ቀሩ። «እነሱም ይመጣሉ» አለ። እሷ ግን ሐሳቧ ጣቶቿ ላይ አልነበረም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠርቷት ኖሯል።

«ቦታሽን ይዤልሻለሁ አለኝ። ግን ውሳኔው ይምጣ አለ። ካውያ አያያዝ አታውቅም የተባለች ሴት የተኳሾች አለቃ አድርጌ እንዴት አስቀምጣለሁ አለኝ። እኔም እውነትህን ነው፣ ይምጣ አልኩት!»

እንዲህ ስትል አንገቷ ቀጥ ብሎ ነበር። እንደምትረታ ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

ከሐኪም ቤቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ አራት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ሰኞ እነግራታለሁ።

ሰኞ፣ 16

ሻይ ቤት፣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ጆሮዬን ሰጠሁ (ሥራዬ ነው፣ ምን ላድርግ)።

«ወንድሜ ይግባኙን በሠላሳ አንደኛው ቀን ይዞ ሄደ። ከበር መለሱት። በአንድ ቀን!»

«ሕግ እንደ አውቶቡስ ነው። ሮጠህ ብትደርስም ከዘጋ ዘጋ።»

የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው በ2 ነው። ዛሬ አሥራ አራተኛው ቀን ነው፤ ገና ግማሹም አልሞላም። በዚያ ላይ ዛሬ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ሐሙስ፣ 19

ዓምዱ በአንድ ትንፋሽ ተጻፈ። «ቡናማ ፖስታ አልከፍትም» ይላል ርእሱ። እንዲህ የሚል አለበት፦ «ፍቅር በቡናማ ፖስታ መጥቶ አያውቅም። ቡናማ ፖስታ የሚመጣው ሊጠራችሁ፣ ሊወቅሳችሁ ወይም ሊመክራችሁ ነው። እኔ እንኳን ልከፍተው ቀና ብዬም አላየው፤ ቅርጫቴ ሥር ወር ይከርማል።»

አዘጋጃችን ሳቀና ዓይኑን ጠረገ። «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

እንጃ። መጣልኝ፣ ጻፍኩት።

እውነቱን ለመናገር ቡናማ ፖስታ እከፍታለሁ። ጥቂት ቀን አቆየው ይሆናል እንጂ እከፍታለሁ። ግን ቀልድ ነው። በቀልድ ማን ይምላል?

ሐሙስ፣ 26

መጽሔቱ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ በስልክ ሆንኩ። እታለምም ደወለች፤ ሳቋ ከድምፅዋ ቀድሞ ገባ።

«እኔስ በቡናማ ፖስታ ብጽፍልሽ አትከፍቺውም ማለት ነው?»

«አንቺማ ስልክ እያለሽ ምን አጻፈሽ!»

«እኔ የምልሽ፣ እዚያ ጉባኤው ሄጄ ልጠይቅ እንዴ? ቆየ እኮ።»

«እኔ እጠይቅልሻለሁ። አንቺ እጅሽን አስታሚ።»

ስድስት ቀን ይቀራል። ስድስት ቀን ብዙ ነው። ሰው በስድስት ቀን ይዳራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል።

ረቡዕ፣ 2፣ አዲሱ ወር

ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቀጠሮ አልነበረኝም። ወረፋ ይዤ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ጥርሴን እንዳላመመኝ ነገርኳቸው።

ይግባኝ የሚቀበለው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ዓርብ፣ 4

ሙጫ ገዛሁ። የፎቶ አልበሜ ገጾች እየተላቀቁ ነው።

ማክሰኞ፣ 8

ሄደች። ራሷ ሄደች።

ከምሳ በፊት ቢሮዬ መጣች፤ ጃንጥላዋ ውሃ ያንጠባጥባል፣ በግራ እጇ ወረቀት ይዛለች። «ከአንድ ወር በፊት ልከናል፣ ተቀባይም ፈርሟል አሉኝ። ይሄን ከመዝገብ ገልብጠው ሰጡኝ። ተረትቻለሁ። 'በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት' ይላል።»

ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም።

«ሦስተኛውን ገጽ አንብቢ» አለችኝ።

አነበብኩ። ማለቴ ዓይኔን መስመሮቹ ላይ አመላለስኩ። ሻጩ በመጨረሻው የጽሑፍ ክርክሩ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የታተመ ዓምዴን አያይዟል። ጉባኤውም ቃል በቃል ገልብጦታል፦ «እህቴ የጋለ ካውያ ሳትነቅል ውሃ ታጠጣዋለች፤ ሲንፈቀፈቅባት 'ጠጣ እንጂ!' ብላ ትቆጣዋለች።» ስለዚህ፣ ይላል ውሳኔው፣ አመልካቿ የጋለ ካውያ ላይ ውሃ የመሙላት ልማድ እንዳላት ተረጋግጧል።

እታለም ፊቴን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ሳቅ አፈናት። «'ጠጣ እንጂ!' እኔ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ?»

«አላልሽም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ውሃውንም እኔ ነኝ...»

«ታዲያ ቀልድን ማስረጃ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ምን አጠፋሽ? ፊትሽ አመድ የመሰለው ለዚህ ነው? አይዞሽ፣ አንቺ ጅል።»

በአንድ ደቂቃ ማረችኝ። ወር ሙሉ የሸሸሁትን ነገር በአንድ ደቂቃ፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን «የኛማ ፖስታ ይሄ ቅርጫት ውስጥ ይሆናል» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ከሥር አወጣሁት። እያየችኝ ቀደድኩት።

አሁን አልሳቀችም። «ያንቺ ነገር! ቡናማ ፖስታ...» ብላ ተወችው። ከዚያ ተቀመጠች። «ሠላሳው ቀን አልፏል አይደል?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ አፌ ሲያመልጠኝስ ዐውቃለሁ። የማላውቀው ዝም ስል ነው።

ሐሙስ፣ 10

ጠበቃ ያዝን። በሁለት ቃል መካከል መነጽሩን ስለሚጠርግ እታለም ገና ከደረጃው ሳንወርድ «ቀስ በቀስ» ብላ ሰየመችው።

«ጊዜ ገደብ ለምን እንዳለ ያውቃሉ?» አላት። «የረታ ሰውም አንድ ቀን 'አለቀልኝ' ብሎ መተኛት ስላለበት ነው። ስለዚህ ዳኛ ለዘገየ ሰው አያዝንም። በሩ ለተቆለፈበት ሰው ግን ያዝናል። ለታመመ፣ ለታሰረ፣ ጎርፍ መንገድ ለቆረጠበት። 'በቂ ምክንያት' የሚሉት እሱን ነው።»

«የኔስ በር ተቆልፎ ነበር?» አለች እታለም።

«እሱማ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንደነበር ማወቅ ነው።» መነጽሩን ጠረገ። ወደ እኔ ዞረ። «የመሥሪያ ቤትዎ ፖስታ ክፍል አሠራሩ ልል ነበር ማለት ይቻላል?»

«አዎ፣ ይቻላል» አልኩ።

እንደዚህ ቀላል ነው። ሁለት ቃል።

ሰኞ፣ 14

ይግባኙ፣ መዘግየቱ እንዲፈቀድ ከሚጠይቀው ማመልከቻ ጋር፣ ገባ። አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቷል። እኔም ቃለ መሐላ ሰጠሁ፦ ፖስታው ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተቀላቅሎ እስከ 8 ድረስ ሳይከፈት እንደቆየ፣ ፖስታ ክፍሉም ለየብቻ እንዳላስፈረመኝ። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። የእታለም በቅጡ እንኳ አይጨብጥም። የኔ ተነሳ።

ሐሙስ፣ 17

በኔ ቃል የተነሳ ማህተሟ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ጠዋት ቅርጫቱን ይዛ መጣች፤ ዘጭ አላደረገችውም፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሃያ ዘጠኝ ፊርማ ለየብቻ አስፈረመችኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

«እኔ አንቺን ለመጉዳት ብዬ...»

«አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከጉባኤው የሚመጣ ፖስታ በማሽን ነው የሚታሸገው፤ ሙጫው አይታይም። የዚያን ቀን እህትሽ ፊት የቀደድሽው፣ ከበሩ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ ሙጫ ነበረው።»

«ዝናብ ነክቶት ይሆናል።»

«ይሆናላ» አለች። ሄደች።

የቢሮዬን በር ከፍታ ነው የሄደችው። እኔም ሳልዘጋው ዋልኩ።

ሐሙስ፣ 1

አዲስ ወር ገባ፤ የማመልከቻው ቀጠሮም ዛሬ ነበር። ሦስት ዳኞች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። አዳራሹ እርጥብ ካፖርት ካፖርት ይሸታል።

የሻጩ ጠበቃ ወጣት ነው። መጽሔታችንን ከቦርሳው አወጣ። የቡናማ ፖስታ ዓምዴን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ያውም አሳምሮ! ሰው ሳቀ። አንዱ ዳኛም አፉን በእጁ ሸፈነ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት ቢስቅ አይፈረድበትም» አለ። «ደንበኛዬም ስቋል። ግን ቸልተኝነት በቀልድ ቢጻፍም ቸልተኝነት ነው። ደንበኛዬ በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት 'ጉዳዬ አለቀ' ብሎ ወደ ሥራው ሄዷል። ሰው ቅርጫቱን ባገላበጠ ቁጥር ፍርድ የሚከፈት ከሆነ፣ ፍርድ መቼ ነው የሚያልቀው?»

እውነቱን ነው። ባልወደውም እውነቱን ነው።

ጠበቃችን ቀስ በቀስ ተነሳ። ሸማች ነጋዴ አይደለችም፣ በየቢሮው ጠበቃ አላቆመችም፣ እጇ ቆስሎ ነበር አለ። ሰብሳቢዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ሸማች በመሆኗ ሰፋ አድርገን እናያለን» አለች። «ግን በሩን ሰፋ ማድረግና በሩን መንቀል ይለያያል። ሳይከፈት ተቀመጠ ማለት ችላ ተባለ ማለት ነው። ደብዳቤ እንድትቀበልላት የወከለቻት ሰው ችላ ካለች፣ ራሷ ችላ እንዳለች ይቆጠራል። አሥራ ሁለቱ ቀኖችና ከዚያ በፊት የነበሩት ሠላሳው የት ሄዱ? ሌላ ምክንያት ካላችሁ በ8 ንገሩን። ከሌላችሁ እንዘጋዋለን።»

ደረጃው ላይ እታለም ክንዴን ያዘች። «ይዘጉት ይሆን?»

እኔን ነው የምትጠይቀኝ።

ቅዳሜ፣ 3

ለብቻዬ ወደ ጠበቃችን ወደ ቀስ በቀስ ሄድኩ።

«እንበልና» አልኩት፣ «ደብዳቤ ተቀባይዋ ፖስታውን ከፍታው ነበር። አንብባውም ነበር። ለባለጉዳይዋ ግን አልነገረቻትም።»

መነጽሩን አወለቀ። አልጠረገውም።

«እንደዚያ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። ችላ ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም። ባለጉዳይዋ አልተኛችም፤ ያመነቻት ሰው ደበቀቻት። የኔ ግምት ይፈቀድላታል ነው።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ግን ያቺ 'እንበልና' ያሏት ሴት ቀደም ብላ በሌላ ቃል ምላ ከሆነ ያስጠይቃታል።»

«በጣም?»

«ያስጠይቃታል። እህቷም ትሰማለች።»

እህት አላልኩም ነበር።

በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ የገባኝን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ችላ ያልኩ ሆኜ ከቀረሁ እኔ እድናለሁ። የደበቅኩ ሆኜ ከቀረብኩ እሷ ትድናለች። በእስካሁኑ ሕይወቴ ሕግ እንደዚህ አፍጥጦ አይቶኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ 7

ልነግራት ሄድኩ። ዛሬ የግድ ነው ብዬ።

በግራ እጇ የትራስ ልብስ ስትተኩስ አገኘኋት፤ ከጎረቤት የተዋሰችው አሮጌ ካውያ ነው። ግራ እጇ እንደ ሕፃን ይወላገዳል። «እይው፣ መንገዱን ስቶ ይሄዳል፣ የሰከረ ይመስላል» አለች። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለላት።

«ነገ ከዘጉት» አለች ካውያውን አቁማ፣ «ሥራ አስኪያጁ እስኪያሰናብተኝ አልጠብቅም። ራሴ ሄጄ ቁልፉን አስረክባለሁ። ያሠለጠንኳቸው ልጆች እያዩኝ 'ካውያ አታውቂም' ተብዬ አልወጣም። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። እጄስ ይድናል።»

«እታለም» አልኩ።

«ወዬ?»

«የትራስ ልብሱን አጥፌ ልስጥሽ?»

«አጥፊ። በአራት።»

አጠፍኩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ አለፈኝ። አሁን የሚቀረው ከተቃጠለ በኋላ ያለው ነው።

ሐሙስ፣ 8

ተናገርኩ።

ሰብሳቢዋ «ሌላ ምክንያት?» ስትል ጠበቃችን ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ከፊት ወንበር ተነሳሁ። ያልኩትን በትክክል አላስታውስም። ዳኛዋ የጠየቀችኝን ግን አስታውሳለሁ።

«መቼ ከፈቱት?»

«ፖስታው ከሁለት ወር በፊት፣ በ2 ደረሰኝ። በ7 ከፈትኩት።»

«አንብበውታል?»

«ሦስቱንም ገጽ።»

«ለምን ደበቁት?»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ የተረታችበት ነገር የኔ ቀልድ ነበር። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።»

«በስንተኛው ቀን ሊነግሯት አሰቡ?»

«በየቀኑ።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

«በቃለ መሐላዎ ግን ሳይከፈት እስካለፈው ወር 8 ቆየ ብለዋል።»

«ዋሽቻለሁ። በሙጫ መልሼ አሽጌው ነበር። የፖስታ ክፍሏ ሴትም በሰዓቱ ነው የሰጠችኝ። ፖስታው አልዘገየም።»

የሻጩ ጠበቃ ብድግ ብሎ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ስለ ሐሰቱ መሐላ ጉዳዩ ለብቻው እንደሚታይ ነገረችኝ፣ ትእዛዙ በ15 እንደሚሰጥም።

እታለም ከኋላዬ ነበረች። ዞሬ አላየኋትም። ስንወጣ ፈለግኳት። ደረጃው ላይ ጃንጥላዋን በአንድ እጇ ለመክፈት ትታገል ነበር። ልረዳት ቀረብኩ።

«በ7 ነው ያልሽው?» አለች።

«በ7።»

«በማግስቱ እኔ ዘንድ ምሳ በልተሻል። ዳቦ ቆርሰሽልኛል።»

«አዎ።»

«በዚያኛው ሳምንት ከሐኪም ቤት አብረን ወጥተናል። ስለ ዝናብ ስታወሪ ነበር።»

«አዎ።»

«ስደውልልሽ ስቀሻል። ፖስታውን ቀደሽ አሳይተሽኛል። ትናንት ትራስ አጥፈሽልኛል።» እንደ ዳኛዋ ቀን በቀን ቆጠረችው፤ አንድም አልዘለለችም። «ቀልዱን በደቂቃ ነው የተውኩልሽ። ይሄኛውን ግን በየት በኩል እንደምይዘው አላውቅም።»

ጃንጥላውን ሳትከፍት በዝናቡ ሄደች።

ሐሙስ፣ 15

ተፈቀደ!

ጠበቃችን ቀስ በቀስ በስልክ አነበበልኝ፤ እኔም እየሰማሁ ጻፍኩት፦ «ይግባኝ ባይዋ መብቷን ችላ ያለች ሳትሆን ያመነቻት ሰው ውሳኔውን የሰወረባት መሆኑ፣ እንዳወቀችም በስድስት ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረቧ ተረጋግጧል። ጊዜ ገደብ የተኛን ለመቅጣት እንጂ የተሰወረበትን ለመቅጣት አልተደነገገም። ይግባኙ ይሰማ።»

ሰወረ። የሚያምር ቃል ነው። «ደበቀ» ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ለእታለም ደወልኩ። አላነሳችም። ቢሆንም ሰምታለች፤ ቀስ በቀስ ለእሷ ነው መጀመሪያ የደወለላት፣ አለቀሰች አለኝ። በደስታ ነው በንዴት ብዬ ልጠይቀው ፈለግኩ። ተውኩት።

ማክሰኞ፣ 20

አዘጋጁ አስጠራኝ። የመሐላው ጉዳይ እስኪያልቅ ዓምዴ ይቆማል። «ሰው ይወድሻል፤ ግን ከእንግዲህ ቀልድሽን የሚያምንሽ ማነው?» አለኝ። ቀልድ ሊታመን ነው እንዴ የሚጻፈው ልለው ነበር፤ አፌን ያዝኩ። እየተማርኩ ነው።

የማህተሟ ማስጠንቀቂያ ተነሳ። ወደ ክፍሏ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ማህተሙን ቀለም አስነክታ እየሞከረች ነበር። «ሰማሁ» አለች። ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ቀና ብላ «ወይ ቁጭ በይ፣ ወይ ውጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እሷ መሞከሯን ቀጠለች።

ማምሻውን ከእታለም የስልክ መልእክት፦ «ሐሙስ 29 ይሰማል። ከፈለግሽ ነይ። ከጎኔ አትቀመጪ።»

አሥር ጊዜ አነበብኩት። «ነይ» ይላል።

ሐሙስ፣ 29

የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሚታየኝ የእሷ ጀርባ ብቻ ነው። የሆቴሉን የሥራ ልብስ ለብሳ መጥታለች። የላውንደሪ ልጆቿ አራቱ አብረዋት አሉ፤ በእረፍት ሰዓታቸው ነው የመጡት። አንዷ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች።

የተሰነጠቀው ካውያ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። ሰብሳቢዋ «ራስዎ ያስረዱን» አለቻት።

እታለም በግራ እጇ አነሳችው። ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤት ሰው አልነበረችም፤ ላውንደሪዋ ውስጥ ነበረች። «ይህን ክዳን እዩት» አለች። «የጋለ ካውያ ላይ ውሃ ቢፈስ ኖሮ ስንጥቁ ከላይ፣ ከአፉ ይጀምር ነበር። ይሄ ግን ከታች፣ ከጎማው ሥር ነው የጀመረው። ጎማው ሲሠራም አልገጠመም። እኔ እኮ ካውያው ሲፈነዳ ውሃ እየሞላሁ አልነበረም፤ መጋረጃ ላይ ነበርኩ። የቃጠሎው ቅርጽ እጄ ላይ አለ፣ ከፈለጋችሁ እዩት።» ቀኝ እጇን ዘረጋች። ሁለቱ ጣቶች ትንሽ ጎንበስ ብለዋል። ዳኞቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አንዱ ተነስቶ ቀረበ።

የሻጩ ጠበቃ ስለ ዓምዱ ጠየቃት። የጋለ ካውያ ውሃ ያጠጣሉ ተብሎ ተጽፏል አላት።

«ቀልድ ነው። የጻፈችው እህቴ ናት።»

«እህትዎ ይዋሻሉ ማለት ነው?»

«ለሳቅ ትዋሻለች። ለሌላም ዋሽታለች፤ እሱን ራሷ ነግራችኋለች። እኔ የምናገረው ስለ ካውያ ነው።»

ሰብሳቢዋ በእስክሪብቶዋ ጀርባ ክዳኑን ገለበጠች። «ስንት ዓመት ተኩሰዋል?»

«ሃያ ሁለት። ግራ እጄ ግን ገና አንድ ወሩ ነው።»

ውሳኔው ሌላ ቀን ነው። ጠበቃችን በመነጽሩ ሥር ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ግን ወደፊት የሚሆነውን አላውቅም፤ ያየሁት ሦስት ዳኞች ስለ አንዲት ተኳሽ ሲናገሩ ሳይሆን እሷን ሲሰሟት ነው።

ሲወጡ በመተላለፊያው በአጠገቤ አለፉ። ልጆቿ አለፉ። ጠበቃችን አለፈ። እሷ መጨረሻ ነበረች። ቆመች። ፊቴን አላየችም፤ የሸሚዜን አንገትጌ ነው ያየችው። በግራ እጇ ያዝ አደረገችውና አቃናችው።

«ይሄን ማን ተኮሰው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል» አለችና ወጣች።